ሐይቆቹ ሊጉን የከፈቱበት ዓመት

የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር ውድድሩ አገር አቀፍ ቢባልም ዋንጫው ከአዲስ አበባ አልወጣም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት የውድድር ዘመናት ቅዱስ ጊዮርጊስ አራት ጊዜ፣ መብራት ኃይል ሁለት ጊዜ አነሱት። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና የድሬዳዋና የአሥመራ ቡድኖች የነገሡበትን ዘመን የሚያስታውሱ ነበሩ፤ በአዲሱ ሊግ ግን የክልል ቡድንን ለዋንጫ የሚገምት ብዙ አልነበረም።

በ1996 ዓ.ም. ግምቱ ተፋለሰ። በአሰልጣኝ ከማል አህመድ የሚመራው፣ «ሐይቆቹ» በሚል ቅጽል የሚጠራው ሐዋሳ ከተማ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረችው ወጣት ከተማ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያዋ የክልል ባለ ዋንጫ ሆነች።

ስኬቱ በቀላሉ አልተገኘም። የዋና ከተማው ክለቦች እርስ በርስ ሲገናኙ ከሰፈራቸው አይርቁም ነበር፤ ሐይቆቹ ግን በሻሸመኔ፣ በዝዋይና በሞጆ አድርገው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ነበር አዲስ አበባ የሚደርሱት። ተጫውተው ደግሞ ያንኑ መንገድ ይመለሱ ነበር።

አንድ ዋንጫ በዕድል መጣ ሊባል ይችል ይሆናል። ሐዋሳ ግን በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የሊጉን ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደ። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ዋንጫ ዕድል አይደለም።

የዚህ ጉልበት ምንጭ የከተማዋ ሰፈሮች ናቸው። ሐዋሳ እንደ ኮረም ባሉ ሰፈሮቿ ኳስ ተጫዋች የሚያበቅሉ ሜዳዎች ነበሯት። አዳነ ግርማና ሽመልስ በቀለ የዚህችው ከተማ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከሐዋሳ ከተማ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተሻግረዋል፤ ሽመልስ በኋላ ግብፅ ወርዶ ለዓመታት ተጫውቷል።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት የሆነውን እናስታውስ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው ኢትዮጵያ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጥማለች። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቷል፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቷል፤ ዛምቢያ 1 ለ0 ትመራለች። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አቻ የምታደርገውን ግብ አስቆጠረ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ግብ ስታገባ ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበረች። ያን ሕዝብ ያስለቀሰውን ግብ ያገባው ሐዋሳ ያሳደገችው ልጅ ነው።

ከሐዋሳ ሁለተኛ ዋንጫ በኋላ ሌላ የክልል ቡድን እስኪነግሥ 11 ዓመት ፈጀ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታ በ2011፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ዋንጫውን ሲያነሱ በሐይቆቹ ፈለግ መጓዛቸው ነበር።

ዛሬ ብዙ የከተማ ክለቦች ገንዘባቸውን በየዓመቱ ለተጫዋች ዝውውር ያፈሳሉ፤ ውሉ ሲያልቅ ተጫዋቹም ገንዘቡም ይሄዳል። የሐዋሳ ታሪክ የሚያስተምረው ሌላ ነው፤ ተጫዋች የሚበቅለው በሰፈር ሜዳ ነው። ሜዳ ለግንባታ ሲሰጥ ነገ የሚሰለፍ ቡድን አብሮ ይሰጣል። ስለዚህ ከተሞቻችን ዋንጫ ከፈለጉ አስቀድመው የሰፈር ሜዳቸውን ይጠብቁ፤ ለታዳጊዎቻቸውም አሰልጣኝ ይቅጠሩ።