ወርቁ ተጥሎ መስተዋቱ ተጫነ

በኦክቶበር ወር 1915 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢንዱራንስ የተባለችው የእንግሊዞች መርከብ በደቡብ ዋልታ አካባቢ፣ በዌዴል ባሕር ላይ፣ በግግር በረዶ ተጨምቃ ተሰበረች። ሃያ ስምንት ሰዎች ከነውሾቻቸው ወርደው በባሕሩ ላይ በተንሳፈፈው በረዶ ድንኳናቸውን ተከሉ። መሪያቸው ሰር ኧርነስት ሻክልተን ሰዎቹን ሰብስቦ፣ ለእያንዳንዱ የተፈቀደው የግል ጓዝ ሁለት ፓውንድ፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ያነሰ መሆኑን አስታወቀ። ለሌሎቹ አርአያ ለመሆንም ከኪሱ የወርቅ ሳንቲሞች አውጥቶ በረዶው ላይ ጣላቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ያው ሻክልተን ከመቶ የሚበልጡ የመስተዋት ኔጋቲቮች ከስንቁ ጋር አብረው እንዲጓዙ ፈቀደ። ሰው የወርቅ ሳንቲሙን በሚጥልበት ቦታ መስተዋት የሚሸከምበት ምክንያት ምን ነበር?

መልሱ አጭር ነው። ፎቶግራፎቹ የተሸጡት ገና ሳይነሡ ነበር።

በዚያ ዘመን ወደ ዋልታ መጓዝ የብዙ ባለጸጎችን ኪስ የሚያራቁት ሥራ ነበር። ለሻክልተን ጉዞ የብሪታንያ መንግሥት 10,000 ፓውንድ፣ ሰር ጄምስ ኬርድ የተባለው የስኮትላንድ የጆንያ ፋብሪካ ባለቤት ደግሞ 24,000 ፓውንድ ሰጥተዋል። ይህም አልበቃም። ጎዶሎው የሚሞላው ገና ባልታየ ነገር ሽያጭ ነበር፤ ይኸውም ዜናው ለጋዜጣ፣ ታሪኩ ለመጽሐፍ አሳታሚ፣ ምስሉ ለሲኒማ ቤትና ለንግግር አዳራሽ በቅድሚያ ይሸጣል። የ«ዴይሊ ክሮኒክል» ጋዜጣ አዘጋጅ ኧርነስት ፔሪስ ያለበት አንድ የፊልም ማኅበር ለዚሁ ተግባር ተቋቋመ። በእኛ ዘንድ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት የሞኝ መቀለጃ ነው፤ በለንደን ግን በሰማይ ያለችው ላም ወተት በውል ይሸጥ ነበር። ልዩነቱ፣ ወተቱን አልቦ እንዲመለስ ወደ ሰማይ የሚላክ አንድ ሰው መኖሩ ነው። ያ ሰው ፍራንክ ኸርሊ ይባላል።

ኸርሊ በ1885 በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ ተወለደ። በ13 ዓመቱ ከቤቱ ኮብልሎ በሊትጎ ከተማ በብረታ ብረት ፋብሪካ ተቀጠረ። የመጀመሪያ ካሜራውን፣ ዋጋው 15 ሺሊንግ የሆነ ኮዳክ፣ በየሳምንቱ አንድ ሺሊንግ እየከፈለ ገዛ። ጥቂት ቆይቶም በሲድኒ የፖስት ካርድ ንግድ ውስጥ ሸሪክ ሆነ። ፖስት ካርድ በዚያን ጊዜ ዛሬ ከምንገምተው በላይ ገበያ ነበረው፤ የገበያው ጠባይ ግን ጨካኝ ነበር። ተራ ባሕርና ተራ ባቡር አይሸጥም። ገዢው ከብዙ ካርዶች መካከል አንዱን መርጦ የሚያነሣው ልቡን ሲያስደነግጠው ነው። ኸርሊም ይህን ተረድቶ ማዕበል ከዐለት ጋር ሲላተም ከአፍንጫው ሥር ለማንሣት ራሱን ለአደጋ አጋለጠ፤ እየገሰገሰ በሚመጣ ባቡር ፊትም ሐዲድ ላይ ካሜራውን ተከለ። እንግዲህ የጀብዱ ፎቶግራፍ አንሺነቱን የተማረው በዋልታ ሳይሆን በሱቅ መስኮት ነው ማለት ይቻላል።

ንግዱ ግን ዕዳ ውስጥ ገባ። በ1911 ዳግላስ ሞውሰን የተባለው የሥነ ምድር ሊቅ ወደ አንታርክቲካ ሊዘምት መሆኑን ሰምቶ፣ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ሞውሰን በሚሳፈርበት ባቡር ፉርጎ ውስጥ ገብቶ መንገዱን ሙሉ በመለማመጥ ሥራውን አገኘ። በዚያ ጉዞ ያነሣው ሲኒማ በሕዝብ ዘንድ ተወደደ። ሻክልተንም በ1914 ጉዞውን ሲያዘጋጅ ከዚህ ሰው ጋር አንድም ቀን ሳይተያይ በቴሌግራም ቀጠረው። ኸርሊ በቦነስ አይረስ ከመርከቧ ጋር ተገናኘ፤ ኢንዱራንስም በዲሴምበር 5 ቀን 1914 ከሳውዝ ጆርጂያ ደሴት ተነሥታ ወደ ደቡብ አቀናች። በጃንዋሪ 1915 በረዶው ዙሪያዋን ያዛት።

በረዶ ስንል በአማርኛችን ከክረምት ሰማይ የሚወርደውንም፣ በተራራ ጫፍ የሚነጣውንም፣ ውሃ ረግቶ የሚሆነውንም በአንድ ቃል እንጠራለን። በዌዴል ባሕር ያለው ግን መርከብ የሚፈጭ ወፍጮ ነው። ነፋስና ሞገድ እየገፉት አንዱ ሰሌዳ በሌላው ላይ ይወጣል፤ እንደ ኮረብታም ይከመራል። ለመርከበኞቹ ይህ መዓት ነበር። ለኸርሊ ግን ሥራ ሆነለት። ምሰሶ ላይ ወጥቶ አነሣ፤ ከመርከቧ ፊት ወደ ውጭ በተዘረጋ ግንድ ላይ ተቀምጦ በረዶው ሲሰነጠቅ ቀረጸ። ባለ ቀለም ፎቶግራፍ እንኳ ፓጀት በተባለው ዘዴ አንሥቷል። ከሁሉ የከፋው ሥራ እጥበቱ ነበር። በጨለማው ክፍል ውስጥ ኔጋቲቮቹ በሚታጠቡበት ቀዝቃዛ ውሃ ምክንያት ጣቶቹ በጥፍሮቹ ዙሪያ ይሰነጣጠቁ ነበር።

በኦገስት 27 ቀን 1915 ሌሊት ያነሣው ፎቶግራፍ ከሥራዎቹ ሁሉ ስመ ጥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዋልታ ክረምት በረዶ የተከመረበትን ቦታ ሁሉ እየመረጠ ከጀርባው የብልጭታ ዱቄት ቀበረ፤ ብዛታቸውም ሃያ ያህል ነበር። ብልጭታዎቹን በየተራ ሲያነድድ ዓይኑ ታውሮ እየተደናበረ በረዶ ውስጥ ወደቀ። በሥዕሉ ላይ ግን የዚህ ድንብር ምልክት የለም። መርከቧ ገመዶቿ ሁሉ አመዳይ ለብሰው፣ ከጥቁር ሰማይ ፊት እንደ መንፈስ ነጥታ ትታያለች።

መርከቧ ከተተወች በኋላ ኔጋቲቮቹ በውስጧ ቀርተው ነበር። በኖቬምበር መጀመሪያ ኸርሊ ወደ ስብርባሪው ተመልሶ፣ ግድግዳውን አስፈልጦ፣ ከወገቡ በላይ ልብሱን አውልቆ በረዶ በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ገባ። ኔጋቲቮቹ በብየዳ በተዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ ስለነበሩ ውሃ አላገኛቸውም። እዚህ ላይ ሰውየውን የገፋፋው የሥነ ጥበብ ፍቅር ነው ወይስ የውሉ ግዴታ ብሎ መጠየቅ ይቻል ይሆናል። ሁለቱን ለይቶ ማየት ግን አስቸጋሪ ነው፤ ምናልባትም ኸርሊ ራሱ ለይቶ አያውቃቸውም ነበር።

ችግሩ ክብደት ሆነ። ሁሉንም መሸከም አይቻልም። በኖቬምበር 9 ቀን ሻክልተንና ኸርሊ በረዶው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡና ኔጋቲቮቹን አንድ በአንድ እየመረመሩ መምረጥ ጀመሩ። የተመረጠው ወደ ቆርቆሮው ይመለሳል። ያልተመረጠው እዚያው ይሰበራል። የተሰበረበት ምክንያት ኋላ ቁጭት ተነሥቶ ሐሳብ እንዳይለወጥ ነው። ከመቶ ሃያ የማያንሱት ሲተርፉ ወደ 400 የሚጠጉት ተሰበሩ። የምርጫው መለኪያ ምን እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ገዢው በለንደን ተቀምጧል፤ ሻክልተን ደግሞ አበዳሪዎቹን ያውቃል። አንድ ፎቶግራፍ አንሺ የገዛ ሥራውን በገዛ እጁ እንዲህ የሰበረበት ሌላ አጋጣሚ በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ትላልቆቹ ካሜራዎችም እዚያው ቀሩ። በእጁ የቀረው አንዲት የኪስ ኮዳክና ሦስት ጥቅል ፊልም ብቻ ነበር። መርከቧ በኖቬምበር 21 ሰጠመች።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በሰፊው የታወቀ ነው። ሰዎቹ በኤፕሪል 1916 በሦስት ጀልባዎች ኤለፋንት ደሴት ደረሱ። ሻክልተን በዚያው ወር በ24 ቀን አምስት ሰዎች አስከትሎ «ጄምስ ኬርድ» በተባለችው ጀልባ እርዳታ ፍለጋ ሄደ፤ ሃያ ሁለቱ በተገለበጡ ሁለት ጀልባዎች ሥር ተጠልለው ከአራት ወር በላይ ጠበቁ። በኦገስት 30 ሉዊስ ፓርዶ የሚመራት «የልቾ» የተባለች የቺሊ መርከብ መጥታ አወጣቻቸው። አንድም ሰው አልሞተም ነበር። ኸርሊ ፑንታ አሬናስ ሲደርስ ከእረፍት ይልቅ ጨለማ ክፍል ፈለገ፤ ኔጋቲቮቹንም ያለ ጉዳት አገኛቸው።

ለንደን ግን ሌላ ጉዳይ ጠበቀው። የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ሰዓት የመጣው ሸቀጥ በገዢዎቹ ዓይን ጎደሎ ሆኖ ታየ። በፊልሙ ውስጥ መርከብ አለ፣ በረዶ አለ፣ ውሾች አሉ፤ ተመልካቹ የሚወዳቸው የባሕር እንስሳትና ወፎች ግን እንደሚፈለገው አልነበሩም። ስለዚህ ኸርሊ በ1917 እንደገና ወደ ሳውዝ ጆርጂያ ተልኮ እንስሳት አንሥቶ ተመለሰ። ተመልካቹ በአንድ ጉዞ የታየ አድርጎ የተቀበለው ፊልም የሁለት ጉዞ ቅጥል ነበር።

ከዚህ የሚከብደው የአንዲት ፎቶግራፍ ጉዳይ ነው። «ጄምስ ኬርድ» ከኤለፋንት ደሴት ስትነሣ ኸርሊ በኪስ ካሜራው አንሥቷታል። በባሕሩ ዳር የቆሙት ሰዎች እጃቸውን አንሥተው ይሸኛሉ። ለጉዞው ታሪክ የሚያስፈልገው መደምደሚያ ግን የአዳኙ መርከብ መምጣት ስለነበረ፣ ያችው የስንብት ፎቶግራፍ ተነካክታ የመዳን ቀን ተብላ ታተመች። ሸኚዎቹ ተቀባዮች ሆኑ። የሌሊቱም ሥዕል ቢሆን በሰው ሠራሽ ብርሃን የተቀነባበረ ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ብርሃኑ መርከቧን ገለጣት እንጂ ሌላ አላደረጋትም። በዚህኛው የጠፋው ከባዱ ቁም ነገር ነው፤ እነዚያ ሰዎች እጃቸውን ሲያነሡ ጀልባዋ ትመለስ አትመለስ አያውቁም ነበር። እውነተኛዋ ፎቶግራፍ ዋጋዋ በዚህ አለማወቅ ላይ ነው። ገበያው ግን አለማወቅን አይገዛም።

ኸርሊ ይህን ልማድ ይዞ ወደ ጦር ሜዳ ሄደ። በ1917 የአውስትራሊያ ጦር ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ በቤልጂግ ሲሠራ፣ የተለያዩ ኔጋቲቮችን አጣምሮ አንድ ትልቅ የውጊያ ሥዕል ያወጣ ጀመር። የጦሩ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ ቢን ይህ ታሪክን ማበላሸት ነው ብሎ ተቃወመው። ኸርሊም የዘመኑን ውጊያ በአንድ ኔጋቲቭ መያዝ አይቻልም በማለት ተከራከረ፤ ሥራዬን እለቃለሁም አለ። በመጨረሻ ለዐውደ ርእይ ስድስት ጥምር ሥዕሎች ብቻ ተፈቀዱለት። በክርክሩ ማን ረታ ለማለት ያስቸግራል። ሆኖም አንድ ሰው በሬሳ መካከል ቆሞ ሰማዩን ከሌላ ኔጋቲቭ ሲያስመጣ፣ የፖስት ካርዱ ሱቅ ምን ያህል እንደተከተለው ያስተውሏል።

ለማነጻጸር ያህል ኸርበርት ፖንቲንግን ማንሣት ይገባል። በ1910 ከካፒቴን ስኮት ጋር ወደ አንታርክቲካ የሄደው ይህ ሰው ሰዎቹን እያስቆመ፣ እያስቀመጠ፣ እንደገና እያስነሣ ስለሚያስቸግራቸው በስሙ ላይ አንድ ግሥ አበጁለት፤ «ለፖንቲንግ መቆም» ለማለት «መፖንት» ይሉ ነበር። ስኮትና አራት ባልደረቦቹ በ1912 ከዋልታው ሲመለሱ ሞቱ። ፖንቲንግ የፊልሙን መብት ከጎሞን ኩባንያ በ1914 ገዝቶ ቀሪ ዕድሜውን ፊልሙን እየቆራረጠና እየቀጠለ፣ በ1924 ድምፅ አልባውን፣ በ1933 ደግሞ ባለ ድምፁን አወጣ። ያሰበውን ሀብት ግን አላገኘም። በ1935 በችግር ላይ እንዳለ ለንደን ውስጥ ሞተ።

ሻክልተንም ከዕዳው ነጻ አልወጣም። ከ1919 መጨረሻ ጀምሮ በለንደን ፊልሃርሞኒክ አዳራሽ በቀን ሁለት ጊዜ በኸርሊ ፊልም ፊት ቆሞ ንግግር ያደርግ ነበር። መርከቡ ስትሰበር፣ ምሰሶዋ ሲወድቅ፣ ያ ሁሉ ጥፋት በጀርባው ሲደገም በየቀኑ ለወራት ያስረዳል። የመጽሐፉ ገቢ ለአበዳሪ ወራሾች ሄደ። እሱም በ1922 በሳውዝ ጆርጂያ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ኸርሊ ግን ሰነበተ፤ በአውስትራሊያ የመልክአ ምድር መጻሕፍትንና የቀን መቁጠሪያዎችን እያሳተመ ኖሮ በ1962 አረፈ።

በማርች ወር 2022 ኢንዱራንስ በዌዴል ባሕር ውስጥ 3,008 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኘች። በኋለኛው ክፍሏ ላይ የተጻፈው ስሟ ፊደሉ ሳይደበዝዝ ይነበብ ነበር። ከፈላጊዎቹ ጋር ፊልም አንሺዎች ተሳፍረው ስለነበር ግኝቱ ለሲኒማ በቃ፤ በ2024 የወጣው ፊልምም ከባሕሩ ወለል የተነሣውን አዲስ ምስል ኸርሊ ከውሃ ካወጣቸው አሮጌዎቹ ምስሎች ጋር አያይዞ አሳየ።