ዓይን ያየው፣ ልብ ያልፈረደው
(የኦዞን መሳሳት እንዴት እንደታወቀ)



ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ሰማዩ ተቀዷል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። እኛ ወላጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ መልስ ስለማናገኝ ዝም እንላለን። ስለዚህ ኦዞን በሳተላይት እንዴት እንደሚለካና ጉዳቱ እንዴት እንደታወቀ በአጭሩ ልናካፍላችሁ ወደድን። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦዞን ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ጋር ዘሩ አንድ የሆነ ጋዝ ነው። አብዛኛው የሚገኘው ከምድር በላይ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ሆኖ አልትራቫዮሌት የተባለውን፣ በዓይን የማይታየውንና ጎጂ የሆነውን የፀሐይ ጨረር ያስቀርልናል። ይህ ጨረር ሲበዛ የቆዳ ካንሰርና የዓይን ሞራ ያመጣል፤ ሰብልንም ይጎዳል። የቆዳችን ጥቁረት ለገላችን መጠነኛ መከላከያ ቢሆንም ለዓይናችን ግን አይሆንም። ስለዚህ ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ብለን የምንተወው አይደለም።

የሚያስገርመው ግን የዚህ መጋረጃ ስስነት ነው። በላያችን ያለው ኦዞን በሙሉ ወርዶ በባሕር ወለል ላይ ቢነጠፍ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይኸውም ሁለት ሦስት ሳንቲም እንደ መደራረብ ነው። ሳይንቲስቶች ይህን ውፍረት 300 ዶብሰን ይሉታል። መለኪያው ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ከጎርደን ዶብሰን ነው። እኚህ ሰው በ1920ዎቹ ዓመታት ኦዞንን ከምድር ሆኖ የሚለካ መሣሪያ ሠርተዋል። እንግሊዞችም ከ1956 ጀምሮ በደቡብ ዋልታ አህጉር፣ በአንታርክቲካ፣ ሃሊ በተባለው ጣቢያ በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ዓመት ከዓመት ሲለኩ ኖሩ።

ይሁን እንጂ በምድር ላይ ያለ መሣሪያ የሚያየው ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ነው። ዓለምን በሙሉ ለማየት ከላይ መመልከት ያስፈልጋል። ስለዚህ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በጥቅምት 24 ቀን 1978 ኒምበስ 7 የተባለውን ሳተላይት ወደ ጠፈር ላከ። በላዩም ቶምስ የሚባል የኦዞን መለኪያ ነበረበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፀሐይ ጨረር ወደ አየር ከገባ በኋላ ከፊሉ ተመልሶ ወደ ጠፈር ይወጣል። ኦዞን ከአልትራቫዮሌት ጨረሮች አንዱን ዓይነት አብዝቶ ይውጣል፤ ሌላውን ግን እምብዛም አይነካውም። ቶምስም የተመለሱትን ሁለቱን ያስተያያል። የሚዋጠው ዓይነት በጣም ቀንሶ ከተመለሰ በመንገዱ ላይ ብዙ ኦዞን አለ ማለት ነው። ብዙም ሳይቀንስ ከተመለሰ ደግሞ ኦዞኑ ሳስቷል ማለት ነው። መሣሪያው በዚህ ዘዴ በየቀኑ ወደ 200,000 የሚጠጋ ልኬት ይወስድ ነበር። ጎንደርም ኢየሩሳሌምም ሳይቀሩ ፀሐይ የሚያርፍበትን የምድር ገጽ ሁሉ ከሞላ ጎደል ያይ ነበር።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሃሊ ጣቢያ አስደንጋጭ ነገር መታየት ጀመረ። በ1960ዎቹ በጥቅምት ወር 300 ዶብሰን ገደማ የነበረው ኦዞን እየቀነሰ ሄዶ በ1984 ወደ 200 ወረደ። የእንግሊዙ ቡድን መሪ ጆሴፍ ፋርማን መጀመሪያ የተጠራጠሩት መሣሪያቸውን ነበር፤ ያረጀ ስለሆነ ሌላ አስመጥተው ደግመው ለኩ። አዲሱም ያንኑ ተናገረ። ስለዚህ ከብራያን ጋርዲነርና ከጆናታን ሻንክሊን ጋር ሆነው በግንቦት 1985 ኔቸር በተባለው መጽሔት ይፋ አወጡት።

ታዲያ ዓለምን በየቀኑ የሚያየው ሳተላይት ምን ነካው? «ኮምፒዩተሩ ልኬቱን ጣለው» ተብሎ ብዙ ተወርቷል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ቁጥር ታይቶ ስለማይታወቅ፣ ኮምፒዩተሩ ከ180 ዶብሰን በታች የሆነውን ልኬት ሁሉ «አጠራጣሪ» የሚል ምልክት እንዲያደርግበት ታዝዞ ነበር። ልኬቱ አልጠፋም፤ ተቀምጦ ነበር። በ1984 ፓዋን ባርትያና ባልደረቦቻቸው ምልክቶቹ በጥቅምት 1983 በአንታርክቲካ ላይ ተከማችተው አገኙ። ሊያመሳክሩ ሲፈልጉ ግን በዋልታው ላይ ያለው የምድር ጣቢያ 300 ገደማ የሚል ቁጥር ሰጣቸው። ግራ ተጋቡ። በኋላ ሲጣራ ስህተቱ የሳተላይቱ ሳይሆን የዚያ ጣቢያ ንባብ ሆኖ ተገኘ። ቡድኑም ውጤቱን በነሐሴ 1985 በፕራግ ከተማ በተደረገ የሳይንቲስቶች ስብሰባ ላይ አቀረበ።

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይላሉ አባቶቻችን። እዚህ ላይ ዓይን አይቶ ነበር፤ ልብ ግን ለመፍረድ ዘገየ። የሃሊ መሣሪያ ብቻውን ቢሆን ኖሮ «የአንድ ቦታ ነገር ነው» በተባለ ነበር። ሳተላይቱም ብቻውን ቢሆን «መሣሪያው ተሳስቷል» በተባለ ነበር። የሳተላይቱ ካርታ ጉዳቱ አንታርክቲካን በሙሉ የሚሸፍን መሆኑን ሲያሳይና የምድሩ ልኬት ሲደግፈው ግን ክርክሩ አበቃ። በአገራችንም ሽማግሌዎች ነገርን በአንድ ምስክር አይቆርጡም ነበር።

ምክንያቱም ቀድሞ ተጠርጥሮ ነበር። ማሪዮ ሞሊናና ሼርውድ ሮውላንድ በ1974 በፍሪጅና በሚረጩ ቆርቆሮዎች ውስጥ ያለው ክሎሮፍሎሮካርቦን የተባለ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ኦዞንን እንደሚያጠፋ አስጠንቅቀው ነበር። በአንታርክቲካ ጉዳቱ የከፋው በክረምቱ ብርቱ ብርድ በሚፈጠሩት ደመናዎች ምክንያት ነው። ከጋዙ የወጣው ክሎሪን በደመናዎቹ ላይ ይዘጋጅና በጸደይ ፀሐይ ስትመለስ ኦዞኑን ያጠፋዋል። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ከፓውል ክሩትሰን ጋር በ1995 የኖቤልን ሽልማት አግኝተዋል።

መንግሥታትም በመስከረም 1987 በሞንትሪያል ከተማ እነዚህን ጋዞች ለመቀነስ ተስማሙ። በ2009 የተባበሩት መንግሥታት አባላት በሙሉ፣ እስራኤልም ኢትዮጵያም ጭምር፣ የስምምነቱ ተካፋዮች ሆነዋል። የኒምበስ 7 ቶምስ በ1993 ሥራውን ቢያቆምም ተተኪዎቹ ልኬቱን ቀጠሉ። በ2022 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት፣ ሕጉ ከተጠበቀ ኦዞን በአብዛኛው ዓለም በ2040 ገደማ፣ በአንታርክቲካ ደግሞ በ2066 ገደማ ወደ 1980 መጠኑ እንደሚመለስ ይገምታል።

እንግዲህ ልጆቻችን ሲጠይቁን መልስ አለን። ሰማዩ አልተቀደደም፤ በየዓመቱ በጸደይ ወራት በአንታርክቲካ ላይ መጋረጃው ይሳሳል እንጂ። በእኛ ላይ ያለው መጋረጃ እዚያ እንደታየው አልሳሳም። ቢሆንም የበጋው ፀሐይ ብርቱ ነውና ባርኔጣ አንርሳ፤ የልጆቻችንንም ዓይን እንጠብቅ። ደግሞም ያላሰብነውን ነገር ባየን ጊዜ «ስህተት ነው» ብለን ከማለፋችን በፊት ሌላ ምስክር መጠየቅን እናስተምራቸው።