ከጅሬን ኰረብታ እስከ ሂርማታ ገበያ
የእግርና የማዕድ ታሪክ በጅማና በቡና ከተሞች



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የታሪክ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ አይደለም። የእግር ታሪክና የማዕድ ታሪክ ነው። ዕድሜው አርባን ያለፈ፥ ጧት ከቤቱ ወጥቶ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ የሚውል፥ ማታም ተመልሶ በሳሎኑ ወንበር ላይ የሚያመሽ የመንግሥት ሠራተኛ ‹‹እንግዲህ ሰውነቴን ላንቀሳቅስ፥ ምግቤንም ላስተካክል›› ብሎ በመስከረም ይጀምርና ጥቅምት ሳይጋመስ ይተወዋል። ስለ ምን? ብዙ ሰው ምክንያቱ ስንፍና ነው ይላል። እኔ ግን አይመስለኝም። መልሱን ከጅማና በዙሪያዋ ካሉት የቡና ከተሞች ታሪክ መፈለግ የሚሻል ይመስለኛል።

ጅማን የሚያውቅ ሰው የጅሬንን ኰረብታ ያውቃል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ዓ.ም. የጅማ ንጉሥ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ያቆሙት በዚህ ኰረብታ ላይ ነው፤ ከእንጨት የተሠራው ቤት ዛሬም ቆሞ ይታያል። ታላቁ ገበያ ግን በታች በሜዳው፥ በሂርማታ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አቤቱታ ያለው፥ ግብር የሚያገባው፥ መልእክት ያመጣው ሁሉ ዳገቱን ይወጣል፤ ቡና፥ ማር፥ ጨው፥ ሸማ የሚሻው ደግሞ ቍልቍለቱን ይወርዳል። ባለ በቅሎው በበቅሎው ይሄዳል፤ የቀረው ሕዝብ በእግሩ ነው። የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ይቆም ስለ ነበር፥ ሐሙስ በመጣ ቍጥር አገሩ ሁሉ ተነሥቶ ይጓዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ከእነዚያ መንገደኞች አንዱም ‹‹ለጤናዬ ልራመድ›› ብሎ ከቤቱ የወጣ አልነበረም። ጨው ሊገዛ ወጣ፤ ዳኛ ፊት ሊቆም ወጣ፤ ዘመድ ሊጠይቅ ወጣ። ድካሙ ከጉዳዩ ጋራ ተሳስሮ የሚመጣ ነበርና ስለ ድካሙ ለብቻው መወሰን አላስፈለገውም። በሊሙ፥ በጎማ፥ በጌራና በጉማም እንደዚሁ ነበር። ፈረንሳዊው መንገደኛ አንቷን ዳባዲ በ1843 የደረሰበት የሊሙ እናርያ የሳቃ ገበያ የንግድ መንገዱ እስከ ጎጃም ይዘልቅ ነበር፤ መንገዱም የሚለካው በሰውና በአጋሰስ ጕልበት ነው።

ይህን ስል ያለፈውን ዘመን በማር ለውሼ ማቅረቤ አይደለም። በዚያው መንገድ ላይ ከቡናውና ከዝባዱ ጋራ ሰዎችም ለሽያጭ ይነዱ ነበር፤ የጅማ ገበያም የዚህ ንግድ ታላቅ መናኸሪያ ነበረ። በሸክም የጐበጠው ሰው መራመድ ጤና ሆኖለት አልነበረም። በ1934 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ባርነትን በሕግ ሲያስቀር ከብዙ ጫንቃ ላይ የወረደውን ቀንበር ማንም አይናፍቀውም። እኔ የማነሣው የሥራው ክብደት እንዲመለስ አይደለም፤ እንቅስቃሴው ከምን ጋራ ታስሮ ይኖር እንደ ነበረ ለማሳየት ብቻ ነው።

ማሰሪያው የተፈታበት ጊዜም ይታወቃል። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ ጅማን ለደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርጎ መረጣት፤ መሥሪያ ቤቶቹንም በሜዳው፥ በሂርማታ አጠገብ፥ በአዌቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ሠራ። ያን ጊዜ አስተዳደር ከኰረብታው ወረደ። ከነጻነት በኋላም ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ ስትሆን ጽሕፈት ቤቶቹ በዚያው በሜዳው ቀሩ። ባለጉዳይም ጸሐፊም ዳገት መውጣት ተወ። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጐዳና ባለሥልጣን መንገዶችን እያደሰ ሲሄድ የጭነት መኪና የአጋሰሱን ስፍራ ያዘ፤ ከጅማ አጋሮ ያለው 45 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የመኪና ጉዞ ሆነ። በከተማይቱ ውስጥ ጋሪ ነበረ፤ ኋላም ባጃጅ መጣ። ዛሬ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ለመድረስ እጅ ማንሣት ይበቃል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ቡናው ሳይበላሽ ገበያ ይደርሳል፥ ወላዲቱ ቶሎ ሐኪም ቤት ትደርሳለች። ነገር ግን አንድ ሰው በቀን ይራመደው የነበረው መንገድ ማንም ሳይወስን፥ ማንም ሳያዝን ከዕለት ሥራው ወጣ።

የዚህን ዋጋ በቍጥር ያሳዩን ከሎንዶን የመጡ ጥናቶች ናቸው። ጄሪ ሞሪስ የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1953 ባሳተሙት ጥናት የሎንዶንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች አነጻጸሩ። ነጂው ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ቲኬት ቈራጩ ደግሞ በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 የሚሆን ደረጃ ሲወጣ ይውላል። ሁለቱ በአንድ አውቶቡስ ይሠራሉ፥ አንድ መሥሪያ ቤት ይቀጥራቸዋል፤ የልብ ሕመም ግን በነጂዎቹ ላይ በዛ። ከፖስታ ቤት ሠራተኞችም ደብዳቤ የሚያድለው ከወንበር ከማይነሣው ጸሐፊ ይልቅ ተጠብቆ ተገኘ። ኋላም እነዚሁ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 64 የሆነ 17,000 ያህል የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞችን ተከታትለው፥ በትርፍ ጊዜያቸው በርትተው የሚንቀሳቀሱት ወንዶች ልባቸው ይበልጥ እንደ ተጠበቀ በ1973 አስታወቁ። አድማጮቼ እነዚህን ሰዎች ያውቋቸዋል፤ ፋይልና ማኅተም ብቻ ሳይሆን ወንበሩም አንድ ዓይነት ነው። ሞሪስ ራሳቸው በ2009 ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሰው ጡንቻ በየዐሥር ዓመቱ ከመቶ ከ3 እስከ 8 እጅ እንደሚቀንስ ይነገራል። ጡንቻ ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከሚያቃጥሉት ምድጃዎች ዋነኛው ነው። ምድጃው እያነሰ ሲሄድ ማገዶው እንደ ድሮው ቢጨመር የተረፈው በወገብ ዙሪያ ይከማቻል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቤት የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን የሚከታተሉበትን ክፍል የጐበኘ ሰው በወረፋው ላይ ስንት የጽሕፈት ቤት ሰው እንደ ተቀመጠ ያያል።

አሁን ወደ ማዕዱ እንሂድ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፥ የኦሮሞ መንገደኞች የተቈላና የተወቀጠ ቡና ከቅቤ ጋራ ለውሰው፥ እንደ ኳስ አድቦልቡለው፥ በቈዳ ከረጢት ይዘው ረጅም መንገድ ይሄዱ እንደ ነበር ጽፎአል። በጅማና በዙሪያው ዛሬም በቅቤ የሚቈላው ቡና ቀላ የክብር ምግብ ነው። ይህ ምግብ ሞኝነት አልነበረም። ለሚራመድ ሰው ክብደቱ ትንሽ፥ ጕልበቱ ብዙ የሆነ ስንቅ ነው። ጥፋቱ የመጣው እግሩ ሄዶ ቅቤው በቀረ ጊዜ ነው።

ከዚያም ስኳር ተጨመረ። በገጠሩ ቡና በጨው፥ በቅቤ፥ በጤና አዳም ይጠጣ ነበር፤ ጣፋጭ የሚሻም ማር ነበረው፥ ብርዝም ነበረው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ሲጀምር፥ በ1950ዎቹም የሸዋ ስኳር ፋብሪካ ሲከተለው፥ ስኳር የሀብታም ቤት ዕቃ መሆኑ እየቀረ ወደ ሁሉም ረከቦት ቀረበ። ሒሳቡን እስቲ እንሥራው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። ከአቦል እስከ በረካ በሦስቱ ስኒ ሁለት ሁለት ማንኪያ ቢጨመር 24 ግራም ይሆናል፤ ጧትና ማታ ሲደገም 48 ግራም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ምክር፥ የሚጨመር ስኳር ለአንድ ጕልማሳ በቀን ወደ 25 ግራም ቢወርድ ይበልጥ እንደሚጠቅም ገልጿል። እንግዲህ ሻይው፥ ለስላሳው፥ ብስኵቱ ሳይቈጠር በቡናው ብቻ ዕጥፉ አለቀ ማለት ነው። የከሰዓቱ በርጫም ሲታከልበት፥ ሰው ከምሳ እስከ ጀምበር መጥለቂያ ከመደቡ ሳይነሣ፥ ረኀቡን በጫት አታልሎ፥ በሌሊት ግን አብዝቶ ይበላል።

‹‹እንግዲያው ይተውዋ!›› የሚል አይጠፋም። መተው ቀላል ቢሆን ኖሮ ይህን ንግግር ማዘጋጀት አያስፈልግም ነበር። በእኛ አገር ቦርጭ ለረጅም ዘመን የድሎት ምስክር ሆኖ ኖሯል። ሹመት ያገኘ ሰው ሲወፍር ‹‹ተመቸው›› ይባላል፤ አስቦበት ሲቀንስ ግን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ‹‹ምነው ከሱ? አመመዎት እንዴ?›› እያለ ያስጨንቀዋል። በማዕድ ላይ ‹‹በቃኝ›› ያለውንም ‹‹በሞቴ›› ተብሎ የሚዘረጋው ጕርሻ ይረታዋል። አንድ ሰው ብቻውን ከዚህ ሁሉ ጋራ ሲታገል ቢደክም ምን ይደንቃል?

ሆኖም ያው ሰው፥ ለሦስት ሳምንት ኬክ መተው ያቃተው፥ ሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን ይጾማል፤ ጎረቤቱም ረመዳንን ከንጋት እስከ ማታ ውኃ ሳይቀምስ ይፈጽማል። የፈቃዱ ኀይል በመጋቢት በርትቶ በግንቦት የሚከዳው ሆኖ ነውን? እምነቱ ዋናው ነገር መሆኑን አልረሳሁም። ነገር ግን ጾም ቀኑ የታወቀ ነው፤ ቤተ ሰቡ አብሮ ይጾማል፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ሰውም ‹‹ምነው አልበሉም?›› ብሎ አይጠይቅም። ልክ እንደ ሂርማታ ሐሙስ በየጊዜው የሚመለስ፥ ሁሉም የሚያውቀውና ሁሉም የሚሄድበት ቀን ነው። (በጾሙ ማታ በዘይት የተነከረው ሳምቡሳና ጥብሱ ድንች ሲበዛ ምን እንደሚሆን ለሌላ ጊዜ እናቈየው።)

በሩጫ ዓለምም ያየነው ከዚህ የራቀ አይደለም። ሻምበል ማሞ ወልዴ በ1968 በሜክሲኮ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ1972 በሙኒክ የነሐስ ሜዳሊያ ሲያገኝ ደግሞ 40 ዓመት ሞልቶታል። የተፈጥሮ ስጦታው እንዳለ ሆኖ፥ ማሞ የክብር ዘበኛ ሰው ነበረ፤ በዚያም ልምምድ የማንም የግል ውሳኔ ሳይሆን ሰዓት ያለው፥ ከጓዶች ጋራ የሚፈጸም ሥራ ነው።

እንግዲህ በጅማ፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት ወይም በቦንጋ የሚሠራ ሰው ምን ያድርግ? የዓለም የጤና ድርጅት ለጕልማሳ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በሁለት ቀንም ጡንቻን የሚያበረታ ሥራ ይጨምርበታል። ከሂርማታ ጅሬን ደርሶ መመለስ ዳገቱ ታክሎበት ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የድሮው ባለጉዳይ በአንድ ቀን ጉዞ የሳምንቱን ልክ ያልፈው ነበር ማለት ነው። የዛሬው ሰው ይህን ያህሉን ቀናቱ ላይ ይከፋፍለው፤ ነገር ግን ከአንድ ጉዳይ ጋራ ይሰረው። ባጃጁን ከመሥሪያ ቤቱ በፊት ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ይውረድ፤ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋራም ይቃጠር፤ የሚጠብቀው ሰው ያለው መራመዱን ቶሎ አይተውምና። የሐሙሱን ገበያ ራሱ ሄዶ ጐመኑን፥ ጎደሬውን፥ አቮካዶውን በዘንቢል ይዞ ይመለስ።

በቡና ከተሞች ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል አለ። በጎማና በጌራ የሚሠራው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከአባቱ የወረሰው ጥቂት የቡና ማሳ አለው፤ ለሌላ ሰው ሰጥቶም ጀንፈሉን በዓመት አንድ ጊዜ ይቈጥራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱ ቢሄድ፥ አረሙን በገጀራ ቢመነጥር፥ በጥቅምትና በኅዳር ከለቃሚዎቹ ጋራ እሸቱን ቢለቅም፥ ከማናቸውም የጂምናስቲክ አዳራሽ የማያንስ ሥራ ይሠራል። ቡናው ስለሚጠብቀውም ይመለሳል። ለስኳሩ አንድ ማንኪያ በየወሩ መቀነስ ይሻላል፤ ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል፥ ባለቤቲቱም እንግዳ ሲመጣ የስኳሩን ዕቃ ከረከቦቱ ዞር ታድርገው፤ የፈለገ ይጠይቃል።

ክረምቱ ግን ፈተና ነው። በጅማ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አያፋታም፤ የብዙ ሰው ልማድ የሚሰበረውም በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ ለክረምቱ ሌላ ሥራ አስቀድሞ ይታሰብ፤ ከወንበር ያለ እጅ መነሣትና መቀመጥን ዐሥር ጊዜ መደጋገም፥ የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ መመላለስ ይቻላል። ደሙ ከፍ የሚልበት፥ ስኳር ያለበት፥ ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚጨንቀው ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ከጅሬን ሲወርዱም ቀስ ይበሉ፤ ጉልበት የሚጐዳው ከዳገቱ ይልቅ በቍልቍለቱ ነው።