አንጻራዊ ሐረግ (እንግሊዝኛ)

አንጻራዊ ሐረግ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ውስጥ ቀድሞ የተጠቀሰን ስም መልሶ እየጠቆመ ስለ እርሱ መረጃ የሚሰጥ ጥገኛ ሐረግ ነው። ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይሆንም። ብዙውን ጊዜ «ሁ»፣ «ሁም»፣ «ሁዝ»፣ «ዊች» ወይም «ዛት» በሚሉት አንጻራዊ ተውላጠ ስሞች ይጀምራል። የሚጠቆመው ስም «ቀዳሚ» ይባላል።

ከአማርኛ ጋር ሲነጻጸር

በአማርኛ ገላጩ ከስሙ በፊት ይመጣል፦ «የገዛሁት መጽሐፍ»። በእንግሊዝኛ ግን ስሙ ይቀድማል፦ «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት»። በ«የገዛሁት» መጨረሻ ያለችው «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች። በእንግሊዝኛ ይህን ሥራ «ዛት» ስለሚሠራ «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ «ኢት» መጽሐፉን ለሁለተኛ ጊዜ ይጠራዋል።

የተውላጠ ስሞቹ አጠቃቀም

* «ሁ» ለሰው ያገለግላል። «ሁም» ሰውየው የድርጊቱ ተቀባይ ሲሆን፣ በተለይ በመደበኛ ጽሑፍ ይገባል።
* «ዊች» ለነገርና ለእንስሳ ነው።
* «ዛት» ለሰውም ለነገርም ይሆናል።
* «ሁዝ» ባለቤትነትን ያሳያል፤ ለሰውም ለነገርም ያገለግላል።

ቀዳሚው የሐረጉ ግስ ተሳቢ ከሆነ ተውላጠ ስሙ ሊቀር ይችላል፦ «ዘ ቡክ አይ ቦት»። ባለቤት ከሆነ ግን በመደበኛ እንግሊዝኛ አይቀርም። መስተዋድድ ሲቀድም «ኢን ዊች» ይባላል እንጂ «ኢን ዛት» አይባልም።

ኮማ እና ትርጉም

አንጻራዊ ሐረግ ሁለት ዓይነት ነው። ወሳኙ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ስለሚናገር ኮማ አይደረግበትም። ተጨማሪው ግን ተለይቶ ለታወቀ ነገር ማብራሪያ ስለሚሰጥ በኮማ ይከበባል።

* «ዘ ስቱደንትስ ሁ ፓስድ ጎት ፕራይዝስ» ማለት የተሸለሙት ያለፉት ተማሪዎች ናቸው ማለት ነው።
* «ዘ ስቱደንትስ፣ ሁ ፓስድ፣ ጎት ፕራይዝስ» ማለት ተማሪዎቹ ሁሉ አልፈዋል፣ ሁሉም ተሸልመዋል ማለት ነው።

ስለዚህ በውል ወይም በደንብ ላይ ሁለት ኮማዎች ድንጋጌው ማንን እንደሚመለከት ሊለውጡ ይችላሉ። በተጨማሪ ሐረግ ውስጥ «ዛት» አብዛኛውን ጊዜ አይገባም።

«ዊች» ከኮማ በኋላ ሙሉ ሐሳብንም ሊጠቁም ይችላል። «ዘ ባስ ዲድ ኖት ካም፣ ዊች ወሪድ ዘም» ሲባል ያሳሰባቸው አውቶቡሱ ሳይሆን አለመምጣቱ ነው።

አሻሚነት

ሐረጉ ከቀዳሚው ሲርቅ አንባቢ ይደናገራል። «ሺ ሴንት ዘ ቦክስ ቱ ዚ ኦፊስ ዊች ወዝ ዳሜጅድ» በሚለው ውስጥ የተጎዳው ሳጥኑ ይሁን ቢሮው አይታወቅም። መፍትሔው ሐረጉን ከቀዳሚው አጠገብ ማድረግ ወይም ስሙን ደግሞ መጥራት ነው።

ታሪክ

«ዛት» ከጥንታዊ እንግሊዝኛ ጀምሮ በዚህ ሥራ ሲያገለግል፣ «ሁ» እና «ዊች» አንጻራዊ ተውላጠ ስም የሆኑት በመካከለኛው እንግሊዝኛ ዘመን ነው። ሆኖም በ1711 እ.ኤ.አ. ዘ ስፔክቴተር የተባለው የለንደን ጋዜጣ «ሁ» እና «ዊች» በ«ዛት» ቦታችንን ተነጠቅን ብለው የሚያቀርቡትን የቀልድ አቤቱታ አትሞ ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ፋውለር ባሳተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት «ዛት» ለወሳኙ፣ «ዊች» ለተጨማሪው ቢሆን ይሻላል ሲል ሐሳብ አቀረበ። ይህን ልዩነት የአሜሪካ አርታዒያን ከብሪታንያውያኑ ይልቅ አጥብቀው ይከተሉታል።