ቶፕ ሼፍ ማስተርስ
ቶፕ ሼፍ ማስተርስ በአሜሪካው ብራቮ የቴሌቪዥን ጣቢያ ከ2009 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በአምስት ምዕራፎች የተላለፈ የምግብ ዝግጅት ውድድር ነው። የወጣው ከ2006 ጀምሮ ይታይ ከነበረው ከቶፕ ሼፍ ነው፤ የሚለየው በተወዳዳሪዎቹ ነው። በዋናው ውድድር ስም ለማግኘት የሚጥሩ ሼፎች ሲፋለሙ፣ በዚህኛው ስማቸው የገነነ ባለሙያዎች ይገናኙ ነበር። ገንዘቡም ለኪሳቸው አልነበረም፤ የመጨረሻው አሸናፊ ለመረጠው የበጎ አድራጎት ሥራ 100,000 ዶላር ያስገኝ ነበር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቁም ነገሩ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። በ2010 ሪክ ሙነንንና ሱሱር ሊን በፍጻሜው የረታው ማርከስ ሳሙኤልሰን የትውልድ ስሙ ካሳሁን ጽጌ ነው። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ከሞቱ በኋላ ከእኅቱ ጋር በማደጎ ወደ ስዊድን ሄዶ ጎተንበርግ ከተማ አደገ፤ የወጥ ቤት ፍቅር ያሳደሩበት ስዊድናዊት አያቱ ናቸው። ሽልማቱን የሰጠው ዩኒሴፍ ለሕፃናት ንጹሕ ውኃ የሚውል ገንዘብ ያሰባስብበት ለነበረው ታፕ ፕሮጀክት ነው።

ዝናውን ከዚህ ውድድር ብቻ መቁጠር ግን ስሕተት ነው። በኒው ዮርኩ አኳቪት ምግብ ቤት ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ታውቋል፤ በ2009 መገባደጃም ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ ያደረጉትን የክብር እራት ያሰናዳው እሱ ነበር። ውድድሩ የጨመረለት የብዙኃኑን ዓይን ነው። በዚያው በ2010 መጨረሻ ሃርለም ውስጥ ሬድ ሩስተርን ከፈተ፤ ከዓመታት በኋላም በትውልድ አገሩ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ማርከስ አዲስ የተባለ ምግብ ቤት አቋቁሟል።