ዋጋ የሌለው ክልከላ፦ ኪውሜይልና ደቢያን



ስለ ሶፍትዌር ፈቃድ ሲነሣ ብዙዎቻችን ዋጋን እናስባለን። ኪውሜይል ግን ያለ ክፍያ ይገኝ ነበር። የሒሳብ ሊቁ ዳንኤል በርንስታይን ይህን የኢሜይል ማስተላለፊያ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በ1997 የደኅንነት ቀዳዳ ላገኘበት ሰው 500 ዶላር እሰጣለሁ አለ። ምንጭ ኮዱን ማንም ያነብ ነበር። ኮዱን አሻሽሎ፣ ፕሮግራሙን ሠርቶ ለሌሎች ማሰራጨት ግን ያለ እርሱ ይሁንታ አይቻልም ነበር። ኪውሜይል በየማሽኑ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲሠራ ይሻ ነበርና እኔ ይህን ግትርነት ብቻ ብዬ አላልፈውም።

ሆኖም ደቢያን የሊኑክስ ስርጭት እንደመሆኑ የፕሮግራሞችን ፋይሎች በራሱ ሥርዓት ይደለድላል፤ ኪውሜይል ደግሞ በራሱ ማኅደር ሥር መቀመጥን ይጠይቃል። በ1997 የወጣው የደቢያን መመሪያ ለደራሲ መንገድ ትቷል፦ ማሻሻያው ከምንጭ ኮዱ ተለይቶ ይሰራጭ ማለት ይችላል፤ ከተሻሻለው ኮድ የተሠራውን ፕሮግራም ማሰራጨትን ግን መከልከል አይችልም። በዚህ ምክንያት ኪውሜይል ነጻ ካልሆኑት ጥቅሎች ጋር ተመደበ፤ የቀረበውም በምንጭ ኮድ ብቻ ነው። አንድ ጥቅል አዘጋጅ አንዴ ሊፈጽመው የሚችለውን ሥራ እያንዳንዱ የሲስተም አስተዳዳሪ በየማሽኑ ደገመው።

በ2007 በርንስታይን ኪውሜይልን የሕዝብ ንብረት አደረገው። የመጨረሻው እትም ግን የ1998 ነበር፤ ደቢያንም አስቀድሞ ኤግዚምን መደበኛ ማስተላለፊያው አድርጎ ነበር።