በማን መዝገብ?

እምነት የልብ ነው፤ አባልነት ግን የደንብ ነው። በሉተራን ማኅበረ ምእመናን ሕፃን በጥምቀት ይገባል፣ ሲያድግ ተምሮ እምነቱን በጉባኤ ፊት ያጸናል፣ ሽማግሌዎችንም ይመርጣል። በኢትዮጵያ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በዚህ መንገድ በራሷ ደንብ የቆመችው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዚያ መቶ ዓመት በፊት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ማርቲን ፍላድና ሄንሪ ስተርን በ1860 አካባቢ ቤተ እስራኤልን ሊሰብኩ ሲነሡ፣ ዐፄ ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማ የፈቀዱላቸው በአንድ ውል ነው፦ ያመነ ሁሉ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ። ስለዚህ ሰባኪው ፕሮቴስታንት፣ አጥማቂው የኦርቶዶክስ ቄስ ሆነ። ከወገኖቻችን የተወለደው ሚካኤል አራጋዊ ሳይቀር በዚሁ ውል ሥር ሠርቷል። በኋላም በክፉ ቀን ረሃብና በመሬት እጦት የተጠመቁ ብዙ ናቸው።

የተጠመቀው ሰው ግን ለጎረቤቱ ያው ፈላሻ ነበር። ወገኑም ከማዕዱ ለየው።

እስራኤል በ1970 ሖክ ሃሽቩትን ስታሻሽል፣ አይሁዳዊ የሚባለው የሌላ ሃይማኖት አባል ያልሆነ ነው የሚል ቃል ጨመረች። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ሲገባ፣ ፈላሽ ሙራ የተባሉት የተጠማቂዎቹ ልጆች አዲስ አበባ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የመጡትም ብዙዎቹ በልዩ የመንግሥት ውሳኔ ገብተው፣ ጊዩር አድርገው ነው።

የሉተራን ደንብ አባሉን አስተምሮ፣ ራሱ እሺ ሲል ያጸናዋል። እነዚህን ልጆች ግን ማንም አልጠየቃቸውም፤ የተፈረደባቸው በአያታቸው ጥምቀት ነው። ስለዚህ ወገኔ፣ ስለ አንድ ሰው አባልነት ከመፍረድህ በፊት መዝገቡን ማን እንደጻፈው ጠይቅ።